ጦር ስለ ወረወረብን ሰው እውነቱን መናገር



በቅርቡ በወጣቶች ኅብረታችን የውይይት ምሽት ላይ አንድ ወንድም ከስልኩ አንድ የእንግሊዝኛ ዘፈን አሰማን። ርእሱ «ፔል ግሪን ቲንግስ» ይባላል፤ «ፈዘዝ ያሉ አረንጓዴ ነገሮች» እንደ ማለት ነው። ዘፈኑ እንዳለቀ ክርክር ተነሣ። አንዲት እኅት «ይህ የይቅርታ መዝሙር ነው፤ ማቴዎስ 18ን በምንማርበት ቀን ለሁሉም ልናሰማው ይገባል» አለች። ሌላ ወንድም ደግሞ «የጌታ ስም አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጠራበትን የዓለም ዘፈን እዚህ ምን አመጣው?» ሲል ተቃወመ። ሰዓቱ አለቀና ጸልየን ተለያየን።

አስተማሪያችሁ ሆኜ ሳለ በዚያ ምሽት አንድም ቃል አልተናገርኩም። ዝምታዬ ሲከነክነኝ ስለ ከረመ ዛሬ እጽፋለሁ። ሁለቱም ተሳስተዋል ብዬ አምናለሁ። ዘፈኑ የይቅርታ መዝሙር አይደለም፤ እኛን የማይመለከት ዘፈንም አይደለም። እኛ ስለ ይቅርታ ስናስተምር ሁልጊዜ ዘለን የምናልፈውን አንድ ነገር ያደርጋል፦ ስለ በደለው ሰው እውነቱን ይናገራል። እውነቱ ሳይነገር የሚታወጅ ይቅርታ ደግሞ ከቅዱስ ቃሉ የተማርነው ይቅርታ አይደለም። ክርክሬ ይህ ነው፤ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ዘፈኑ ምን ይላል?

ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው «ዘ ሰንሴት ትሪ» የተባለ አልበም መዝጊያ ነው። በአልበሙ ውስጥ 13 ዘፈኖች አሉ። ባንዱ «ዘ ማውንቴን ጎትስ» ይባላል፤ ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጪ ከሚሠሩትና «ኢንዲ ሮክ» ከሚባሉት ወገን ነው። ግጥሙንም ዜማውንም የሚጽፈው ጆን ዳርኒየል ነው። በ1967 በኢንዲያና ተወልዶ ያደገው በካሊፎርኒያ ነው። በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በነርስነት ሠርቷል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዘፈኖቹን የሚቀዳው ቤቱ ተቀምጦ በተራ የካሴት ቴፕ ነበር። ለብዙ ዓመታት የጻፈው በአብዛኛው ስለ ፈጠራ ሰዎች ነው። የእንጀራ አባቱ ከሞተ በኋላ ግን ስላደገበት ቤት ጻፈ። ያ ቤት ዱላ ያለበት ቤት ነበር።

አልበሙን ከመጀመሪያው የሰማ ሰው ይህን አይስተውም። በአንዱ ዘፈን ውስጥ በቴሌቪዥን የዎተርጌት ምርመራ እየታየ ነው፤ የእንጀራ አባት በእናትየዋ ላይ ይጮኻል፣ ብርጭቆም ወደ ራሷ ይወረውራል። ትንሹ ልጅ ወደ ፎቅ ሮጦ ከሸክላ ማጫወቻው አጠገብ ይደፋል፤ ድምፅ ማስጨመሪያው ለምን እንደ ተሠራ ያን ጊዜ ይገባዋል። በሌላው ዘፈን ልጁ ፊቱን በእጁ እየጋረደ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው የሙዚቃ መሣሪያውን እንዳይሰብርበት። በሦስተኛው ዘፈን ደግሞ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት ዓመቱን በሕይወት ለመጨረስ ይምላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አሥራ ሦስተኛው ዘፈን ይመጣል። ጎሕ ሳይቀድ ልጁና የእንጀራ አባቱ ወደ ፈረስ መሮጫ ሜዳ ይሄዳሉ። ሰውየው የመጀመሪያው የልብ ድካም ከደረሰበት ገና ብዙ አልቆየም። መኪናውን ከፈረሶቹ ማሰናጃ ጀርባ ያቆማል። አስፋልቱ ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ መካከል ፈዘዝ ያሉ አረንጓዴ ቡቃያዎች ወጥተዋል። ሰውየው ሰዓት መቁጠሪያ በእጁ ይዞ ፈረሶቹ ሲለማመዱ ያያል፤ ዓይኑ ግን ሩቅ ቦታ ነው። በዚያ ጠዋት ዱላ የለም።

ከዚያ ዘፈኑ ወደ ሌላ ጊዜ ይዘላል። በዲሴምበር ወር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ እኅቱ ትደውላለች። ሰውየው ሞቷል። በዜናው ውስጥ እፎይታ መኖሩን ዘፈኑ አይደብቅም። ሆኖም ወደ ልጁ አእምሮ የመጣው ብርጭቆው አይደለም፤ ያ የሜዳው ጠዋት ነው። ትዝታውን ያገላብጠዋል፤ ሊፈታው ሲሞክር የበለጠ ይይዘዋል። ዘፈኑም አልበሙም በዚህ ያበቃሉ።

ስሙ የመጣው ከሰባኪ ቤት ነው

የአልበሙ ርእስ «የጀንበር መጥለቂያው ዛፍ» እንደ ማለት ነው። ከየት እንደ መጣ ስታውቁ ግን ወንድማችን «እዚህ ምን አመጣው?» ያለው ጥያቄ መልስ ያገኛል።

ፌሊሺያ ሂማንስ (1793–1835) የተባለች እንግሊዛዊት ገጣሚ የጻፈችው አንድ የማታ መዝሙር አለ። ሥራቸውን የጨረሱ ሰዎች ከዛፉ ሥር መጥተው እንዲያርፉ የሚጠራ መዝሙር ነው። ሳሙኤል በትለር የተባለው ደራሲ ይህን መዝሙር በልቦለዱ ውስጥ አስገባው። በትለር የቄስ ልጅ ነበር፤ ልቦለዱም ከገዛ ሕይወቱ የተቀዳ ነው። በሕይወት ሳለ ሊያሳትመው አልፈለገም፤ በ1902 ሞተ፣ መጽሐፉ በ1903 ወጣ።

በመጽሐፉ ውስጥ የሚከተለው ይሆናል። የእሑድ ማታ ነው። የቄሱ ትንሽ ልጅ መዝሙር እንዲመርጥ ይፈቀድለትና ይህን መዝሙር ይመርጣል። መዝሙሩ የሚጀምረው በእንግሊዝኛው «ከም» በሚለው ቃል ነው። ልጁ ግን ምላሱ ገና አልተፈታም፤ «ከ» ማለት ስለሚያቅተው «ተም» ይላል። አባትየው ያርመዋል። ልጁ ይሞክራል፤ አሁንም «ተም»። አባትየው ሆን ብሎ ነው ይልና ከክፍሉ አውጥቶ ይገርፈዋል። ተመልሶ ሲመጣ እጁ ቀልቷል። ከዚያም ደወል ደውሎ ሠራተኞቹን ለቤተሰብ ጸሎት ይጠራል።

በመዝሙሩና በጸሎቱ መካከል ያለው ጊዜ ልጅ የሚገረፍበት ጊዜ ነበር። ልጁ መጥራት ያቃተው ቃል ደግሞ «ኑ» ማለት ነው። ጌታችን ሕፃናትን አትከልክሏቸው፣ ወደ እኔ ይምጡ ያለበት ያው ቃል (ማርቆስ 10፥14)። በዚያ ቤት አንድ ሕፃን «ኑ» ማለት አቅቶት ተገረፈ፤ ገራፊውም ቄስ ነበር።

እንግዲህ ዳርኒየል ለአልበሙ ስም ሲፈልግ ያገኘው በመጠጥ ቤት ወይም በጭፈራ ቤት አይደለም። ያገኘው በአምልኮ መካከል ነው። «የዓለም ዘፈን በእኛ መካከል ምን ይሠራል?» ለሚለው ወንድሜ መልሴ ይህ ነው፦ ይህ ዘፈን ወደ እኛ ቤት የገባው ዛሬ በስልክ አይደለም። ስሙን ያገኘው ከሰባኪ ቤት ነው። ከእናንተም መካከል ማታ በቤተሰብ ጸሎት ላይ የጀርባው ሰንበር እያቃጠለው «አሜን» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። «የቤት ገበና አደባባይ አይወጣም» እየተባለ ስላደገ ለማንም አልተናገረም። ኤፌሶን 6፥1 በየቤቱ በቃል ይጠናል፤ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ የሚያዘው 6፥4 ግን ስንት ጊዜ ተሰብኮ ሰምታችኋል?

የይቅርታ መዝሙር ያልሆነበት ምክንያት

አሁን ወደ እኅታችን ልመለስ። ዘፈኑን የይቅርታ መዝሙር ያሰኛት ለስላሳነቱ ነው ብዬ እገምታለሁ። ቁጣ የለበትም፤ በጎ ትዝታ አለበት። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ብትሰሙት ዘፋኙ ይቅር አልኩ አይልም። ሰውየውም ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሞቷል። እርቅ አልወረደም። ለዘፋኙ የቀረው አንድ ጠዋት ብቻ ነው።

ታዲያ ምንድን ነው? እኔ ምስክርነት ነው እላለሁ። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ (ዘፀአት 20፥16) ብዙ ጊዜ የምንረዳው በባልንጀራችን ላይ ክፉ ፈጥረን እንዳናወራ ነው። ነገር ግን የሐሰት ምስክርነት መንገዱ ብዙ ነው። የሠራውን ክፉ መሸፈን ሐሰት ነው። የሠራውን በጎ መካድም ሐሰት ነው።

ባህላችን በመጀመሪያው ሐሰት ይፈተናል። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ሳንል ስለ ሞተ ሰው አንድ እውነት አንናገርም። በቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አስቡት፤ ሁሉም ሟች ቸር፣ ሁሉም ሟች ለቤተሰቡ ትጉህ ነው። ከሕዝቡ መካከል ቆማ የምታለቅስ ሴት ልጁ ግን ሌላ ሰው ታውቃለች። ስለዚያኛው ሰው የሚናገር የለም፤ እርሷም ልቅሶው እንኳ የራሷ እንዳልሆነ ሆና ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በሁለተኛው ሐሰት ደግሞ የተጎዳው ሰው ይፈተናል። የበደለኝ ሰው ፈጽሞ ሰው አልነበረም ማለት ያሳርፋል። ጥላቻ ቀለል የሚለው ጠላት አንድም መልካም ጠዋት ያልነበረው ከሆነ ነው።

ዳርኒየል በሁለቱም አልወደቀም። በአልበሙ ላይ ባሰፈረው ጽሑፍ ሥራውን ከሚጎዷቸው ሰዎች ጋር ለሚኖሩ ወጣቶች ሰጥቶ፣ ከዚያ ቤት በሕይወት እንደሚወጡና ታሪካቸውን እንደሚናገሩ ይነግራቸዋል። በዚያው ላይ ለሞተው የእንጀራ አባቱ በሕይወቱ ያላገኘውን ሰላም ይመኝለታል። እኛ ወንጌላውያን ለሙታን አንጸልይም፤ በዚህ ከእርሱ እንለያለን። ነገር ግን በዳይን በዳይ ብሎ ጠርቶ፣ በዚያው ትንፋሽ ደግሞ መልካም ሊመኝለት የሚችል ስንት ሰው በመካከላችን አለ?

ስለዚህ አሥራ ሦስተኛውን ዘፈን ለብቻው ማሰማት ስሕተት ነው። ለብቻው የሰማው ሰው ደግ አባትና ልጅ አንድ ጠዋት ሽርሽር እንደ ሄዱ ያስባል። ጠዋቱ ትርጉም የሚያገኘው ከፊቱ ስላሉት አሥራ ሁለት ዘፈኖች ነው። እኛም በይቅርታ ትምህርታችን የምናደርገው ይህንኑ ነው፦ አሥራ ሁለቱን ዘለን አሥራ ሦስተኛውን እንዘምር እንላለን።

ጦሩን መለሰ፣ ራሱን አልመለሰም

በመዝጊያው ዘፈን ዋዜማ ያለው አሥራ ሁለተኛው ዘፈን ሁለት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን ያነሣል፦ በሰይፉ ላይ የወደቀውን ሳኦልንና ወንድማቸውን የሸጡትን የዮሴፍን ወንድሞች። ዳርኒየል መጽሐፍ ቅዱስ ያነባል፤ በ2009 ያወጣው አልበም ውስጥ ያሉት 12 ዘፈኖች ሁሉ ርእሳቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ነው። እንግዲህ እኔ እንደማነበው፣ ከሳኦል ሞት ቀጥሎ የሚመጣው ዘፈን ዳዊት ከሳኦል ሞት በኋላ ያደረገውን ያደርጋል።

1ኛ ሳሙኤልን አውጡ። ዳዊት በገና እየደረደረ ነው። ሳኦል ጦሩን ይወረውርበታል፤ ዳዊት ዘወር ይላል፣ ጦሩ ግድግዳው ላይ ይተከላል (19፥10)። አማቹ ነው፣ ንጉሡ ነው፣ በአፉ «ልጄ» የሚለው ሰው ነው። ዳዊት ምን አደረገ? በዚያው ሌሊት ሸሸ። ሚስቱ ሚልኮል በመስኮት አወረደችው (19፥12)። «አባት ነው፣ ቻለው» አላለችውም።

በኋላ ዳዊት ሳኦልን ሊገድል የሚችልበት ጊዜ ሁለት ጊዜ መጣ፤ አልገደለውም። ይህን ሁላችን ሰብከነዋል። ያልሰበክነው ቀጥሎ ያለውን ነው። በሁለተኛው ጊዜ ዳዊት ከተኛው ሳኦል ራስጌ ጦሩን ይወስዳል። ከዚያ ወደ ማዶ ተሻግሮ በኮረብታው ራስ ላይ በሩቅ ይቆማል፤ ቃሉ በመካከላቸው ሰፊ ቦታ እንደ ነበረ ይነግረናል (26፥13)። ከዚያ ሆኖ እየጮኸ እውነቱን ይነግረዋል፦ ለምን ታሳድደኛለህ? ምን አጠፋሁ? ሳኦልም በድያለሁ፣ ልጄ ሆይ ተመለስ፣ ከእንግዲህ ክፉ አላደርግብህም ይላል (26፥21)። ዳዊት ምን መለሰ? ጦርህ ይኸው፤ ከብላቴኖችህ አንዱ መጥቶ ይውሰደው አለ። ዳዊት ጦሩን መለሰ፣ ራሱን ግን አልመለሰም። እርሱም መንገዱን ሄደ፣ ሳኦልም ወደ ስፍራው ተመለሰ (26፥25)።

እዚህ ላይ ቂም አይታያችሁም፤ ዳዊት ሰውየውን አልገደለም፣ መሣሪያውን እንኳ መልሶለታል። ሞኝነትም አይታያችሁም፤ ጦሩ በሚደርስበት ርቀት ዳግመኛ አልቆመም። በእኛ ኅብረት ውስጥ ግን ቂም አለመያዝና ወደዚያው ክፍል መመለስ አንድ ነገር ተደርገው ይሰበካሉ።

ሳኦል ከሞተ በኋላ ዳዊት ልቅሶ ያወጣል (2ኛ ሳሙኤል 1፥17–27)። ስለ ሳኦል በጎውን ይናገራል፦ የተወደደ ነበር፣ ኃያል ነበር፣ የእስራኤልን ሴቶች ልጆች ቀይ ሐር ያለበሰ ነበር። ስለ ጦሩ አንድ ቃል የለም። «እንግዲያው ዳዊትም ሸፈነው» ትሉኝ ይሆናል። አልሸፈነውም፤ ጦሩ በዚያው ታሪክ ውስጥ፣ ጥቂት ምዕራፎች ቀደም ብሎ፣ ተጽፎ ይገኛል። መንፈስ ቅዱስ አልፋቀውም። ልቅሶው እውነት የሚሆነው ጦሩ ስለ ተጻፈ ነው። ጦሩ ባይጻፍ ኖሮ ያ ልቅሶ እንደ ማንኛውም የቀብር ንባብ ይሆን ነበር።

«ግን እኮ…»

አንዳንዶቻችሁ «ጌታ ሰባ ጊዜ ሰባት ይቅር በሉ ብሏል» እንደምትሉ አውቃለሁ። ብሏል፤ እኔም አምናለሁ። ነገር ግን ይህ ቃል የተነገረው በማቴዎስ 18፥22 ነው፤ ምዕራፉ ከዚያ አይጀምርም። በቁጥር 6 ከታናናሾቹ አንዱን ለሚያሰናክል ሰው የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ቢሰጥም ይሻለዋል ይላል። በቁጥር 15 የበደለህን ወንድምህን ሄደህ ጥፋቱን ንገረው ይላል፤ ባይሰማህ ምስክሮች ጨምር፣ እምቢ ቢል ለቤተ ክርስቲያን ንገር ይላል። ጌታ እስከ ቁጥር 22 ለመድረስ በእነዚህ ሁሉ አልፏል። እኛ ከቁጥር 21 የምንጀምረው በማን ሥልጣን ነው?

ሌሎች «አባትህንና እናትህን አክብር» ትላላችሁ። ማክበር ማለት ስለ እነርሱ መዋሸት ማለት ከሆነ፣ አንዱ ትእዛዝ ሌላውን ሊያፈርስ ነው። አባቱን የሚያከብር ልጅ አባቱ በኃጢአት እንዲኖር አይተባበርም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይበረታል፦ «ይህ ዘፈን መስቀሉን አያውቅም» የሚለው። እውነት ነው። ዘፈኑ በአስፋልቱ ስንጥቅ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ አያልፍም። ለዚህም ነው የይቅርታ መዝሙር አይደለም ያልኩት። ይቅርታን ከዘፈን አንማርም። ነገር ግን መስቀሉን እናውቃለን የምንለው እኛ መስቀሉ ምን እንዳደረገ እናስተውል። እግዚአብሔር ኃጢአትን የማረው አይቶ እንዳላየ በማለፍ አይደለም። ሮሜ 3፥25–26 እግዚአብሔር ጻድቅም አጽዳቂም እንደሆነ ያስተምረናል፤ ኃጢአት በአደባባይ ኃጢአት ተባለ፣ ዋጋውም ተከፈለ። ዮሴፍም ወንድሞቹን ሲያቅፍ መጀመሪያ ያላቸው እናንተ የሸጣችሁኝ ወንድማችሁ ነኝ ነው (ዘፍጥረት 45፥4)። አባታቸው ከሞተ በኋላም ክፉ አስባችሁብኝ ነበር አላቸው፤ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው (50፥20)። የመጀመሪያውን ሐረግ ሳይናገር ሁለተኛውን አልተናገረም። ዘፈኑ የሚደርሰው እስከ እውነቱ ድረስ ነው፤ ወንጌል ከእውነቱ አሻግሮ ወደ ጸጋ ያደርሰናል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ እውነቱ ጋ እንኳ ሳንደርስ «ጸጋ» እያልን እንዘምራለን።

ይህን ለምን እንደ ጻፍኩ

ከዓመታት በፊት፣ ማስተማር በጀመርኩበት ሰሞን፣ አንድ ልጅ ከፕሮግራም በኋላ ሰው እስኪወጣ ጠብቆ መጣ። ዐሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የሸሚዙን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ገብቶኛል። አባቱን አውቃቸው ነበር፤ የተከበሩ አገልጋይ ነበሩ። ማቴዎስ 18ን ከፈትኩለት፣ ከቁጥር 21 ጀምሬ አነበብኩለት። «አባትህ ናቸው፣ ይቅር በላቸው» አልኩት። እጄን ጭኜ ጸለይኩለትና ወደ ቤቱ ላክሁት። ጦሩ ወደ ተወረወረበት ክፍል በእጄ መለስኩት። እጅጌውን ወደ ታች ሲያወርድ አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ ተመልሶ አልመጣም።

እንግዲህ ስለ ዘፈን የተከራከርኩት ለዚህ ነው። ከመካከላችሁ በእንዲህ ያለ ቤት የምትኖሩ ካላችሁ ይህን ስሙኝ፦ የደረሰባችሁን ለምታምኑት ታላቅ ሰው መናገር አባትን ማዋረድ አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም። የመጀመሪያው ሰው ካልሰማችሁ ለሁለተኛው ንገሩ። አደጋ ካለ ውጡ፤ ዳዊትም በመስኮት ወጥቷል። ይቅርታ ጊዜው ሲደርስ ጌታ ራሱ ያስተምራችኋል፤ ይቅርታችሁ ግን ተመልሳችሁ ከጦሩ ፊት በመቆማችሁ አይለካም። አንድ ቀን ስለዚያ ሰው አንድ መልካም ጠዋት ትዝ ቢላችሁም አትፈሩ። ያን ማስታወስ የደረሰባችሁን መካድ አይደለም።

የኅብረት መሪዎች ሆይ፣ በሚቀጥለው የይቅርታ ትምህርታችሁ ማቴዎስ 18ን ከቁጥር 1 ጀምሩ። ገበናውን ይዞ የሚመጣ ልጅ ቢኖር ጸልያችሁ ብቻ አትላኩት። ያ እኅትና ያ ወንድም ደግሞ ክርክሩን እንዲቀጥሉ እጋብዛለሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን አሥራ ሦስቱንም ሰምተን፣ 1ኛ ሳሙኤል 19ንና 26ን አንብበን እንምጣ።

አንተም፣ ያን ቀን እጅጌህን የሰበሰብክልኝ ወንድሜ፣ አሁን ትልቅ ሰው ሆነሃል። ይህ ጽሑፍ በእጅህ ከገባ፣ የነገርኩህ ልክ አልነበረም። በድዬሃለሁ። ብትመጣ እሰማሃለሁ፤ ባትመጣም መብትህ ነው።

የሰላም አምላክ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።